ዚንኩ ያመለጠው ኤንዛይም

ብርዴ ይሏታል። ውጭ ፀሐይ አናት ሲበሳ እሷ ሁለት ሹራብ ደርባ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ስለምትውል ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥታ ላብራቶሪው ከቀጠራት ወዲህ ሥራዋ አንድ ነው፤ እርሾ ጨፍልቃ ከውስጡ ኤንዛይም ታወጣለች። ባሏ ሰው በተሰበሰበበት «የኔዋ እርሾ አሞታል ብላ እራት የምታስቀር ናት» እያለ ያስቃል። አትቆጣም፤ እውነት ነዋ።

ኤንዛይሙ እርሾ አየር ሲያጥረው ስኳሩን አልኮል አድርጎ የሚጨርስለት ሠራተኛ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ደግሞ ወደ ኋላ ያሠሩታል፤ ከአልኮል ሃይድሮጅን ነጥቆ ለረዳት ሞለኪውሉ ሲያቀብል መለኪያው ያየዋል። አራት ቁራጮች ተቃቅፈው ያቆሙታል፤ በየቁራጩ ዚንክ የሚባለው ብረት ሁለት ቅንጣት አለ። አንዱ የሚሠራው እጅ ነው፣ ሌላው ቤቱን የደገፈ ምሰሶ። እጁ ቢወጣ ይመለሳል። ምሰሶው ከወጣ ግን ቤቱ ይናዳል፣ ፈሳሹም ይደፈርሳል።

ያን ቀን ጠዋት ናሙናዋን መለኪያው ውስጥ ከተተች። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ሽቅብ መውጣት ነበረበት። ተጋድሞ ቀረ። ደገመች፤ ያው።  ከሰዓት ክፍሎችን የሚያከፋፍለው ኮሚቴ ይመጣል፤ ኤንዛይሙ ሲሠራ ካላየ ቀዝቃዛው ክፍል ለጎረቤት ላብራቶሪ ይሰጣል፣ እሷም ዕቃ ግምጃ ቤት ትወርዳለች።

ዕቃ ወደሚያጥቡት ሽማግሌ ሮጠች።

«ጋሼ፣ ትናንት የሰጡኝን ከረጢት በምን አጠቡት?» ኤንዛይሙ ጨው እንዲለቅ የሚታሰርበትን ስስ ከረጢት ማለቷ ነው።

«አንቺው አይደለሽ በደንብ ይጠቡልኝ ያልሽው? በደንብ አጠብኩታ።»

«በደንብ ማለት?»

«በዚያ ብረት በሚለቅመው መድኃኒት ቀቅዬ፣ ከነመድኃኒቱ ሰጠሁሽ። ድሮ የነበርኩበት ክፍል በደንብ የሚሉት እሱን ነው።»

«ሳያለቀልቁት?»

«እንዳለቀልቀው ብትፈልጊ ያለቅልቁልኝ አትይም ነበር፣ ልጄ?»

 ለእሷ በደንብ ማለት ውሃው ኩልል እስኪል ነበር። መድኃኒቱ ዚንክ ሲለቅም አድሯል። የትኛውን እንደለቀመ ግን ገና አልታወቀም።

ተመልሳ የናሙናውን ቱቦ በመስኮቱ ብርሃን አየችው። ጥርት ያለ ነው፤ ከታች ብቻ አንድ ነጭ ጭረት ተንሳፍፏል። ብዙው ምሰሶ አልወደቀም ማለት ነው። ራሷ አጥባ ወዳለቀለቀችው ከረጢት ገልብጣ፣ መድኃኒቱ እንዲወጣ ከረጢቱ የተነከረበትን ፈሳሽ እየቀያየረች እኩለ ቀን ሆነ።

ዶክተሩ፣ አለቃዋ፣ ቀዝቃዛው ክፍል በሸሚዝ ብቻ ገባ። የሆነውን ነገረችው።

«ዚንክ ጨምሪበታ!»

«እጨምራለሁ። ካበዛሁት ግን ዚንኩ ራሱ ያደፈርሰዋል። አያጣድፉኝ ዶክተር።»

ዶክተሩ እጁን አጣመረ። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።

«ሹራብ ልስጥዎት?»

«ተይኝ፣ ፍርሃቱ ነው።»

ጠብታ። ጠበቀች። ጠብታ። በመሃል እንደ ወተት ጭስ ያለ ነገር ከቱቦው ግርጌ ተነሣ፤ እጇን ያዘች። የፈረሰው ይፍረስ ብላ በማሽን አሽከርክራ አጣራችው፤ ነጩ ዝቃጭ ግርጌ ላይ ተጋገረ። ከላይ የቀረውን ወደ መለኪያው ወሰደች። ኮሚቴው በሩ ላይ ነበር።

መስመሩ ተጋድሞ ጀመረ። ቀጥሎ ቀና አለ፤ እየተንገዳገደ ሽቅብ ወጣ። የቀድሞውን ያህል አይደለም፣ ግን ወጣ።

ከኮሚቴው አንዷ ሴትዮ ጎንበስ ብላ አየች። «ቅርጹን ለማየት ክሪስታል የምታበቅሉት ከዚህ ነው?»

ዶክተሩ አፉን ከፈተ። ብርዴ ቀደመችው። «ከዚህ አይሆንም። ክሪስታል ሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ ይፈልጋል፤ ይኼ ከፍርስራሽ የተረፈ ነው። መሥራቱን ብቻ ነው የሚያሳየው። አዲስ እርሾ እጨፈልቃለሁ።»

«መቼ?»

«ክፍሉን ካልወሰዳችሁብኝ፣ ነገ።»

ሴትዮዋ ከጓደኞቿ ጋር በዓይን ተነጋገረች። «ለጊዜው ይቆይላት» አለች።

ብርዴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የነገውን እርሾ ማዘዣ መጻፍ ጀመረች።