በሲሚንቶ ወረቀት የተማሩት ስፌት

የልብስ መለኪያ ሜትሩ ከአንገቷ ወርዶ ስለማያውቅ ሰፈርተኛው እውነተኛ ስሟን ከረሳው ቆይቷል፤ እትዬ ሜትር ነው የሚላት። አንድ ጊዜ እንደተንጠለጠለ ረስታው ለቅሶ ቤት ገብታ፣ «ሟቹን ልትለካ መጣች» ያለ ቀልደኛም አልጠፋም።

ከተማ ውስጥ ዕድሜዋን በልብስ ሰፊነት ከገፋች በኋላ ወደ ተወለደችበት ገጠር የተመለሰችው የአገሯን ሴቶች ሙያ ላስተምር ብላ ነው። የገበሬዎቹ ማኅበር ባዶ የማዳበሪያ መጋዘን አዋሳት። ሁለት ማሽን ይመጣል ተባለ፤ አንድ መጣ። መለማመጃ ጨርቅ ይመጣል ተባለ፤ እሱስ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። ቃል የገቡትን ሰዎች በጠየቀቻቸው ቁጥር ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

እሷ ደግሞ እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ግንበኞች የጣሉትን የሲሚንቶ ወረቀት ለቅማ፣ አራግፋ፣ በእሱ ማስተማር ጀመረች። ሴቶቹ ይለካሉ፣ ያሰምራሉ፣ ይቆርጣሉ፤ ከዚያ ቁራጮቹን ጠርዝ ለጠርዝ ገጥመው ከጀርባ በዱቄት ሙጫ ያጣብቃሉ። በማሽኑ ተራ በተራ አሮጌ ከረጢት ላይ ቀጥ ያለ መስመር መስፋት ይለማመዳሉ። ግድግዳው የወረቀት ሸሚዝና የወረቀት ቀሚስ ብቻ ሆነ፤ ነፋስ በገባ ቁጥር ይንኮሻኮሻል።

ከሁሉም ጎበዟ ሴቶቹ «ጭምቷ» የሚሏት ነበረች። ባሏ የሞተባት እናት ናት፤ ከአፏ ቃል ማውጣት ከድንጋይ ውኃ እንደ መጭመቅ ነው። መቀስ ስትይዝ ግን እጇ ከመስመር አይወጣም። እትዬ ሜትር ከሁሉም አብልጣ ትወዳታለች፤ አዳላሁ እንዳትባል ደግሞ ከሁሉም አብልጣ ትቆጣታለች።

በመጨረሻ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር የተማሪዎች ዩኒፎርም እንዲሰፉ ጨርቅ ይዞ መጣ። የማኅበሩ ሊቀመንበርም ይህን ሰምቶ በሩ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝ» አላት። «ሥራው ካማረ ቤቱ የእናንተ ነው። ካልሆነ ግን ማዳበሪያችንን ዝናብ እየመታው ነው፤ ቤቱን እንወስደዋለን።»

ሴቶቹ እውነተኛ ጨርቅ ሲነኩ እንደ ሕፃን ዳበሱት። ልክ እንደተማሩት ለክተው ልክ እንደተማሩት ቆረጡ። የተረፈውን ጠቅልለው ሲያሳዩዋት እትዬ ሜትር ልቧ በደስታ ሞላ። «እዩልኝ ቁጠባ! እኔ እንኳ ይህን ያህል አትርፌ አላውቅም» አለች። ደስታ ዓይን ይጋርዳል፤ እንዲያ ባይሆን ኖሮ ያን ጊዜ ይገባት ነበር።

ሁሉም ተሰፍቶ ሲያልቅ ጭምቷ ሴት ልጇን ጠርታ በልኳ የተሠራውን ሸሚዝ አለበሰቻት። ቁልፉ አልደርስ አለ።

«ምን በልተሽ መጣሽ አንቺ?» ብላ አንዷ ሳቀች።

ሌላ ልጅ ተጠራች፤ የእሷም አልደርስ አለ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና እትዬ ሜትር ሸሚዙን ገልብጣ ስፌቱን አየች፤ አይታም እዚያው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ጨርቅ ሲሰፋ ጠርዙ ከግራም ከቀኝም ወደ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ሲቆረጥ ጣት የሚያህል ትርፍ ይተውለታል። ወረቀት ግን ጠርዝ ለጠርዝ ስለሚጣበቅ ትርፍ አይፈልግም። ሴቶቹ ያስተማረቻቸውን አንድም ሳያጓድሉ ነበር የሠሩት።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አለች ጭምቷ፣ እንባዋ መቀሱ ላይ ጠብ እያለ።

«ዝም በይ! የቆረጥሽው አንቺ፣ ያስቆረጥኩሽ እኔ። በወረቀት አስተምሬ ጉድ የሠራኋችሁ እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ ዓይኗ ጥግ ላይ ያለው ጥቅል ላይ አረፈ። «ያተረፍነው ጨርቅ ለካ የጎደለው ኖሯል! አምጡት፣ ፍቱት!»

ሸሚዞቹን እየፈቱ በሁለቱም ጎን ቁራጭ ጨመሩ፤ ልጆች ያድጋሉና ወደ ውስጥም ጥቂት ትርፍ አጠፉበት።

ርዕሰ መምህሩ ሊረከብ ሲመጣ ጣቱን የተጨመረው ላይ አሳረፈ። ከሴቶቹ አንዷ «ፋሽን ነው» ልትል አፏን ስትከፍት እትዬ ሜትር በዓይኗ ገሠጸቻትና እውነቱን ከነምክንያቱ ነገረችው።

«ልጆቹ ሲያድጉ ይለቀቃል?» አለ ሰውየው።

«ይለቀቃል።»

«እንግዲያው ወላጆች ይመርቋችኋል» ብሎ ተረከበ።

ሊቀመንበሩ ግን ራሱን ነቀነቀ። «አላማረም አልልም፣ አማረም አልልም። ግማሹን ቤት ለማዳበሪያ እንወስዳለን፤ እናንተ በግማሹ ተጣበቡ።»

እትዬ ሜትር፣ ያቺ ምላሰኛ፣ በመከራከር ፈንታ የሜትሩን ጫፍ በጣቷ መጠቅለል ጀመረች። ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ አፍራለች።

«ጋሼ» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ። ጭምቷ ነበረች። «የጠበበውን ማስፋት ለምደናል፤ እንችለዋለን። ግን ለሚቀጥሉት ሴቶች ጨርቅ አምጡላቸው። ወረቀት ስህተትን አያሳይም።»

ሊቀመንበሩ ይህች ሴት መናገር መቻሏን ያወቀው ያን ቀን ነው፤ «እሺ» ማለቱን ሁሉም ሰምቶበታል። እትዬ ሜትር ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ ጭምቷ አንገት ላይ አጠለቀችላት፤ ከዚያ ባዶ አንገቷን እየዳበሰች ለማዳበሪያው ቦታ ልታስለቅቅ የወረቀት ልብሶቹን ከግድግዳው ማውረድ ጀመረች።