ዐሥራ ስድስት የተጻፈበት ጎማ

ልጄ የጠየቀችኝ አጭር ጥያቄ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ምሳ ቀርቦ፣ እኔ ገና እጄን እየታጠብሁ ሳለሁ፣ «አባዬ፣ የትሬለሩን ጎማ ቀይረሃል?» አለችኝ።

«ባለፈው ዓመት ቀይሬዋለሁ» አልሁ።

እጄን ሳልጠርግ ነው የመለስሁት። ያን ያህል የፈጠንሁት እርግጠኛ ስለነበርሁ ይሁን ወይም ጥርጣሬዬ እንዳይታወቅብኝ ብዬ፣ ዛሬ ላይ ሆኜ መለየት አልችልም።

«ደረሰኙ አለህ?»

«ይኖራል። እፈልገዋለሁ።»

ባለቤቴ ወጥ ማውጣቷን ሳታቋርጥ ቀና ብላ አየችኝ።

ጥያቄው ለምን እንዳስጨነቀኝ ለመረዳት አኗኗራችንን ማወቅ ያስፈልጋል። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው በፈረንጅ አገር፣ ፎረስት ፓርክ በተባለ ሰፈር ባለው የልጃችን ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ነው። ልጃችን ነርስ ናት። ንጹሕ ክፍል፣ ጥሩ አልጋ፣ በክረምት የማይጠፋ ማሞቂያ ሰጥታናለች፤ ጎደለብን የምንለው ነገር የለም። መስኮታችን ግን ጣሪያው ሥር ያለች ጠባብ ናት። በውጭ በኩል ከመሬቱ ጋር እኩል ስለሆነች፣ በእርሷ የሚታየኝ ደጃፉ መኪና ማቆሚያ ላይ የቆመው፣ ልጄ ትሬለር የምትለው ተጎታች ቤታችን ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ጎማዎቹ እንጂ ሌላው አካሉ አይታይም። ተጎታቹን የገዛነው ጡረታ በወጣሁበት ዓመት፣ ከአንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ጎረቤት ነበር። በየዓመቱ ሰኔ ላይ በፒክአፕ መኪናዬ እየጎተትሁት በስተሰሜን ወዳለው ሐይቅ እንሄዳለን። አንድ ሳምንት በራሳችን ሰዓት እንተኛለን፣ በራሳችን ሰዓት እንነሣለን፤ ባለቤቴ በሩን ከፍታ ደጁ ላይ ትቀመጣለች። ከዓመቱ ውስጥ የእኛ ነው የምንለው ያን ሳምንት ብቻ ነው።

ያ ሳምንት ደግሞ በመኪናዬ ቁልፍ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። በሚያዝያ፣ ኢስተን ወደተባለው የገበያ ማዕከል ሄጄ መኪናዬን ያቆምሁበት ቦታ ጠፋኝ። ሁለት ሰዓት ያህል ከዞርሁ በኋላ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ለልጄ ደወለላት። መጥታ አልተቆጣችኝም። በሽተኛ እንደምታነጋግር ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንዴ ያጋጥማል አባዬ። ከተደገመ ግን ቁልፉን እኔ እይዘዋለሁ፤ ትሬለሩም ይሸጣል» አለችኝ። ብትቆጣኝ የምከራከረው ሰው አገኝ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት የምሰጠው መልስ ሁሉ፣ የትናንቱ እራት ምን እንደነበረ እንኳ ስጠየቅ፣ ፈተና ሆነብኝ።

ሰኞ ጠዋት ልጄ ሥራ ከሄደች በኋላ አጉሊ መነጽሬንና ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ወጣሁና ጎማው አጠገብ ተንበረከክሁ። ጥርሱ ጥልቅ ነው፤ ብዙ የሄደ አይመስልም። ከሽማግሌው ከተጎታቹ ጋር የተረከብነው መመሪያ እንደሚለው፣ በጎማው ጎን ላይ አራት አኃዞች ይገኛሉ፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ የተሠራበትን ዓመት ያመለክታሉ። ጭቃውን በጣቴ ጠርጌ አነበብሁ። ሠላሳ ስምንት፣ ዐሥራ ስድስት።

ዘንድሮ ዐሥራ ሰባት ነው። ሠላሳ ስምንተኛውን ሳምንት ከመስከረም አንድ ጀምሬ ደብተሬ ላይ ቆጠርሁት፤ ግንቦት ማለቂያ ላይ ዋለ። በግንቦት የተሠራ ጎማ፣ በሰኔ ወደ ሐይቁ ከመሄዳችን በፊት የተገጠመ። ከነገርኋት ጋር ልክ ገጠመ። ትዝታውም ወዲያው ተከትሎ መጣ፦ ግራጫ ቱታ የለበሰ ሰው፣ የአዲስ ላስቲክ ሽታ፣ ደጅ ላይ ዝናብ፣ እኔ ጥግ ባለች ወንበር ላይ ተቀምጬ የወረቀት ኩባያ ሻይ በሁለት እጄ ይዤ። ከመሬት ስነሣ ጉልበቴ አላመመኝም። ቀኑን ሙሉ ግን ሣጥኑንም የኮት ኪሶቹንም ብበረብር ደረሰኙን አላገኘሁትም።

ማክሰኞ ነፋስ ለማስሞላት ብቻ ከባለቤቴ ጋር ተጎታቹን ይዘን አንድ የአገራችን ሰው ወደከፈተው ጎሚስታ ሄድን። ሰውየው በስደት መጥቶ፣ ብዙ ዓመት በሰው ጋራዥ ሠርቶ፣ የራሱን ያቋቋመ ነው። ልጃችንን ከቤተ ክርስቲያን ያውቃታል። የነፋሱን ቱቦ እንደያዘ ጎንበስ አለ፤ ቱቦውን አስቀመጠና የእጅ ባትሪ አምጥቶ የጎማውን ዙሪያ አየ።

«ጋሼ፣ በዚህ ነው ሀይዌይ የሚወጡት?»

«ምን ሆነ?»

«ጎኑን ይዩታ። ይኼ ሁሉ ስንጥቅ ነው። ሲሞቅ ይፈነዳል፤ ሲፈነዳ ደግሞ የትሬለሩን ወለል ይዞት ነው የሚሄደው።»

«ባለፈው ዓመት ያስቀየርኩት ነው። ራሱ ላይ ተጽፏል፤ ዐሥራ ስድስት ይላል።»

ቀና ብሎ አየኝ። የምቀልድ መስሎት ነበር። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረ። «እትዬ፣ ጋሼ በየትኛው ነው የሚቆጥሩት?»

«በራሱ ነዋ» አለች።

«ይኼ በፈረንጅ ነው ጋሼ። ጎማዎ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ልጅ ቢሆን ሦስተኛ ክፍል ገብቷል።» ፊቴን አይቶ ድምጹን አለሰለሰ። «አይዘኑ። እኔ አዲስ የመጣሁ ሰሞን ግሮሰሪ ገብቼ የእርጎ ቀን አነበብኩና፣ ገና ሰባት ዓመት ይቆያል ብዬ ዐሥር ኩባያ ገዛሁ። አልጋ ሥር ነው የደረደርኩት።»

ባለቤቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ ለሳቁ አልደረስሁም። ሥራዬ ታሪክ ማስተማር ነበር። ተማሪዎቼ ዓመት ጠቅሰው በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልገለጹ፣ የቀረው ጽሑፍ ምንም ያህል ቢያምር ነጥብ እቀንስባቸው ነበር። ይሁንና በዚያች ሰዓት ያስፈራኝ ስሕተቱ ራሱ አልነበረም። ጎማው ያን ያህል አሮጌ ከሆነ ከተጎታቹ ጋር ነው የገዛነው፤ እኔ አልቀየርሁትም። እንግዲያ ግራጫ ቱታ የለበሰው ሰው ከየት መጣ? ዝናቡስ? ሻዩስ? ቁጥሩ ትዝታዬን ያረጋገጠልኝ መስሎኝ ነበር። ትዝታውን የወለደው ግን ቁጥሩ ነው።

ባለጎሚስታው የኔን ዝምታ የዋጋ ሐሳብ አድርጎ ወስዶት ኖሮ ማስረዳት ጀመረ። የመኪና ጎማ በመሄድ ያልቃል፤ የተጎታች ጎማ ግን ጥርሱ ሳይነካ በመቆም ያረጃል። ርካሽ ነው ብለው የተራ መኪና ጎማ የሚገጥሙ አሉ፤ ጎኑ ስስ ስለሆነ መታጠፊያ ላይ ይወላገዳል፤ ለተጎታች ተብሎ የተሠራውን ነው መምረጥ የሚገባው። ከእርሱም ውስጥ የሚሸከመው ክብደት በፊደል ይለያል። የእኛ ሲ ነው፤ ዲ የተባለው የበለጠ ይሸከማል፣ ነገር ግን የበለጠ ነፋስ ስለሚይዝ ቸርኬው መቻል አለበት። ቸርኬውን ፈትቶ በውስጥ በኩል የተቀረጸውን አነበበልኝ፤ ይችላል። ሁለቱንም ዓይነት አምጥቶ ፊቴ አቆማቸው። እኔ በአጉሊ መነጽር የተሠሩበትን ሳምንት አነበብሁ፤ መጋዘን ውስጥ ያልቆዩ እንዲሆኑ ጠየቅሁ፤ የስኮርታውንም እንዲያሳየኝ ጠየቅሁ፤ ከዚያም የመጀመሪያውን እንደገና አነበብሁ።

«ጋሼ፣ ጎማ እኮ ነው፤ ሚስት አይደለም የሚመርጡት።»

«ሚስትም ሲመርጥ እንዲሁ ነው» አለች ባለቤቴ። «አራት ዓመት ፈጅቶበታል።»

ዲውን መረጥሁ፤ አራት ጎማና አንድ ስኮርታ። ተጎታቹ በክሪክ ተነሥቶ፣ እግሮቹ ተነቅለው፣ አየር ላይ ቀረ። መሄድም ሆነ መመለስ የማንችል ሆነን ሁለታችን ግድግዳውን ተደግፈን ተቀመጥን። ባለቤቴ ቀስ ብላ፣ «አሁን ምን ልትላት ነው?» አለችኝ። ባለጎሚስታው ሰማ።

«ለማን?»

«ለልጃችን። ባለፈው ዓመት ቀይሬያለሁ ብሏታል። ደረሰኝ አምጣ ብላዋለች።»

ሰውየው ብሎኖቹን ማጥበቅ ቀጠለ። «እንግዲያው ደረሰኙ ላይ ቀን ባልጽፍስ?» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ ለሽማግሌ ወንበር እንደመልቀቅ ነበር። ባለቤቴ ወለሉን አየች። «አይሆንም» ማለት እንደነበረብኝ አውቃለሁ። ያልሁት ግን፣ «እንዳመቸህ» ነው። ይህን በትክክል አስታውሳለሁ፤ በዚህ ጥርጣሬ የለኝም።

አራት ቀን ሙሉ ያ ወረቀት የደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። ምድር ቤቱ ውስጥ ቀና ባልሁ ቁጥር አዲሶቹ ጎማዎች በመስኮቷ ይታዩኛል፤ ከአሮጌዎቹ ይልቅ በጣም ጥቁሮች ስለነበሩ፣ ልጄ ከሥራ በገባች ቁጥር ዛሬ ታያቸዋለች እያልሁ የእግሯን ድምፅ እሰማለሁ። አላየቻቸውም። ባለቤቴም ስለ ነገሩ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ ውሸቱን ለእኔ ትታልኝ ነበር። ቀን የሌለው ሰነድ አይታመንም ብዬ ያስተማርሁት ሰው፣ አንዱን ደረቴ ላይ ይዤ እተኛ ነበር።

እሑድ ምሳ ላይ ልጄ ራሷ አነሣችው። «አባዬ፣ ደረሰኙን አገኘኸው?»

አውጥቼ ሰጠኋት። አነበበችው፤ ገለበጠችው። «ዴት የለውም።»

የሚጠበቅብኝ ዝም ማለት ብቻ ነበር። የዝምታው መንገድ ተጠርጎልኛል፤ ቁልፉ በእጄ ይቀራል፤ ሐይቁም ስድስት ቀን ነበር የቀረው።

«ቀኑ ያለፈው ማክሰኞ ነው» አልኋት። «ባለፈው ዓመት አልቀየርኩም። የቀየርኩ መስሎኝ ነበር። እንዳልቀየርኩ ካወቅኩ በኋላ ግን ቀን እንዳይጻፍበት ተስማማሁ፤ ያኛው የመርሳት አይደለም።»

የቁጥሩንም ነገር ነገርኋት፤ ግራጫ ቱታ የለበሰውንም ሰው። እዚያ ስደርስ ሹካዋን አስቀመጠች።

«እሱ እኮ የኔ መኪና ነው። ባለፈው ሰመር የኔን ጎማ ሳስቀይር አብረኸኝ መጥተሃል። ይዘንብ ነበር። ሻዩን ያመጣሁልህ እኔ ነኝ።»

ሰውየው ነበረ ማለት ነው። አልፈጠርሁትም፤ ከአንዱ ቀን አንሥቼ ሌላ ቀን ላይ አኑሬዋለሁ። «ይኼኛው ይሻላል?» ብዬ ጠየቅኋት፤ ነርስ ናትና ታውቃለች ብዬ። «አላውቅም አባዬ» አለች።

ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። ባለቤቴ ማንንም ሳታይ፣ «ጎማው እንደሆነ አሁን አዲስ ነው» አለች። ልጄ ቁልፉን ተመለከተችው። አላነሣችውም፤ በጣቷ ጫፍ ወደ እኔ መለሰችው።

«ሐይቁ ድረስ አንተ ንዳ። እኔ በመኪናዬ ከኋላህ እሆናለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ዊ ዊል ሲ» አለችኝ በእንግሊዝኛ፤ እናያለን ማለቷ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ተነሣን። ቀለበት መንገዱን ለቅቀን ወደ ሰሜን ስንወጣ ነጭ መኪናዋ በግራ መስተዋቴ ጥግ ላይ ነበረች፤ ሳዘገይ ታዘገያለች፣ መስመር ስቀይር ትቀይራለች። «በአጀብ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው» አለች ባለቤቴ፤ እኔ ግን ዓይኔን ከመስተዋቱ ማንሣት አልቻልሁም። ጎማዎቹ ያለ አንዳች መንቀጥቀጥ ይሽከረከሩ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ውኃ ጠማኝ፤ ጠርሙሱ ከኋላ ተጎታቹ ውስጥ ነበር። የማረፊያ ቦታው ምልክት ታየኝ። ብታጠፍ ግን ልጄ መንገዱ ጠፍቶት ነው ትል ይሆናል፤ ወይም ደከመው፤ ወይም ለምን እንደቆመ አያውቅም። ምልክቱ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣ። መሪውን ቀጥ አድርጌ ይዤ አለፍሁት። እሷም ተከትላኝ አለፈችው።