ሁለት ጣሳ ሳሙና

ከሃያ ዓመት በላይ የዱቄት ሳሙና ሸጫለሁ። ሱቄ መርካቶ፣ ከእህል በረንዳ ወዲህ ባለች ቀጭን መንገድ ላይ ናት። ለሰፈር ቸርቻሪ ጆንያውን ከፍቼ በጣሳ እሰፍራለሁ፤ አውቶቡስ ተራ ወርዶ በቀጥታ ወደ እኔ ለሚመጣ የክፍለ ሀገር ነጋዴ ደግሞ ጆንያውን እንደተሰፋ አሸክመዋለሁ። የክፍለ ሀገር ሰው ወሬ አይገዛም፣ ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ ባንኮኒዬ ላይ ውሃ ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ አይጠፋም። ሳሙናዋን ቆንጠር አድርጌ እጨምርና ክዳኑን ይዤ እንጠዋለሁ። አረፋው እስከ አፉ ሲወጣ ገዢው ራሱን ይነቀንቃል፤ ጨረስን ማለት ነው። አረፋ የሌለው ሳሙና እኛ ዘንድ ሳሙና አይባልም፣ ኖራ ነው።

ይህን የምናገረው ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም። ሳሙና የማያውቅ ሰው ቢሳሳት ባላወቀው ይቅር ይባላል። እኔን ምን ሊሉኝ ነው?

ሴት ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እኔ ቤት ገባች፤ በእኛ ወግ የበኩር ልጅ የሚወለደው የእናት ቤት ነው። አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ሴት ልጅ ታቀፈች። ታላቅ ወንድሟም «እናቴ በዚህ ዕድሜዋ የሕፃን ጨርቅ ስታሽ አትውልም» ብሎ፣ ፊት ለፊቱ ክብ መስታወት ያለው የልብስ ማጠቢያ ማሽን አምጥቶ ጓሮ ከታንከሩ አጠገብ ተከለልኝ።

«እማዬ፣ ሳሙናው ትንሽ ነው የሚበቃው። ለዚህ ማሽን ተብሎ የተሠራ፣ አረፋው ትንሽ የሆነም አለ፣ አመጣልሻለሁ» አለኝ።

ለቀባሪው አረዱት! ያሳደግኩት እኮ ሳሙና ሸጬ ነው። «አንተ ማሽኑን ካመጣህ ሳሙናውን ለኔ ተወው» ብዬ አሰናበትኩት።

የመጀመሪያውን ቀን እሱ እንዳለው ሁለት ማንኪያ ጨመርኩና ዱካ ስቤ መስታወቱ ፊት ተቀመጥኩ። ጨርቁ ወደ ላይ ይወጣል፣ ዱብ ይላል፣ ይወጣል፣ ዱብ ይላል። ውሃው አንድ ጆግ የሚሞላ አይመስልም። አረፋ የሚባል ነገር የለም። ይሄ ማሽን ያጥባል ወይስ ያንሸራሽራል? አልኩና የሳሙና መሳቢያውን ስቤ አንድ ጣሳ ደፋሁበት። በማግስቱ ሁለት አደረግኩት። ያኔ መስታወቱ ነጭ በነጭ ሆነ፣ እኔም ልቤ ረካ። አንዳንዴ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አረፋው በመሳቢያው በኩል ገንፍሎ ጓሮዬን ያለብሰዋል። የማሽኑ አቅም ማነስ ነው ብዬ ንቄ አለፍኩት። ጨርቁ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ እንደ ካርቶን ድርቅ ይላል፣ የሳሙናው ሽታ ግን ቤቱን ይሞላዋል። ያንን ሽታ እንዴት እንደምወደው!

ልጅቷ በተወለደች በሦስተኛው ሳምንት የልጄ ባል እናት አራስ ሊጠይቁ መጡ። አብነት አካባቢ የሚኖሩ፣ ከኔ ጥቂት ዓመት የሚበልጡ የወሎ ሴት ናቸው። ሕፃኗን ተቀብለው ፊቷን ገለጥ አደረጉና «እንዴት ያለች ድንቡሽቡሽ ናት! ጉንጯ ሊፈነዳ ነው እኮ!» አሉ። ማሻአላህ አላሉም። ወይም እኔ አልሰማሁም። እኛ ጋ ሕፃን ያለ ማሻአላህ አይደነቅም፤ ካደነቁት ዓይን ይገባዋል።

በማግስቱ ጠዋት የሕፃኗ አንገት ቀልቶ አገኘነው። በሦስተኛው ቀን ጀርባዋም ብሽሽቷም እንደ ተላጠ ሥጋ ሆነ። አትተኛም፣ አታስተኛም። ጡት ይዛ ሁለቴ ስባ ትተወውና ታለቅሳለች፤ እናቷም አብራት ታለቅሳለች። ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ አየቻት፣ ቅባት ሰጠችንና «ሳሙና ቀይራችኋል እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

«ልጄ፣ ሳሙናው የራሴ ነው፤ አልተቀየረም» አልኳት ኮራ ብዬ።

«እንግዲያው በደንብ አጥባችሁ በደንብ አለቅልቁላት» አለችን።

በደንብ እጠቡ ተብዬ እኔ ምን ላደርግ እችላለሁ? ቤት ገብቼ የሕፃኗን ጨርቅ በሙሉ ሰብስቤ ማሽኑ ውስጥ ከተትኩና ሁለት ጣሳ ተኩል ጨመርኩበት። በማግስቱ ባሰባት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ዓይን ለመሆኑ ምንም አልተጠራጠርኩም።

በሳምንታቸው ሴትዮዋ የጥቁር አዝሙድ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ይዘው ተመለሱ። ሕፃኗ አሟታል ሲባል ሰምተው ነው። በሩ ላይ ቆሜ አላሳልፍ አልኳቸው። መጀመሪያ «ተኝታለች» አልኩ። ከውስጥ ልጅቷ ስታለቅስ እየሰሙ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ያን ጊዜ አመለኛው አፌ ተከፈተ።

«እርስዎ ካዩአት ወዲህ ነው የተቃጠለችው። እባክዎ ዓይንዎን ያንሱላት!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሴትዮዋ «አስተግፊሩላህ» አሉ፤ ድምፃቸው አልሰማ እስኪል ወርዶ። ጠርሙሷን ደጃፉ ላይ አስቀመጡ፣ «አላህ ያሽራት» አሉና ነጠላቸውን ሰብስበው ሄዱ። ልጄ ከአልጋዋ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። የሠራሁላትን የቡላ ገንፎ ሳትነካው ቀዘቀዘ። ባሏም ሁለት ቀን ሳይመጣ ቀረ። እኔ ግን እልኸኛ ነኝ፤ የልጅ ልጄን አዳንኩ እያልኩ አንገቴን ቀና አድርጌ ከረምኩ።

ከዚያ ማሽኑ ጭራሽ አልሠራም አለ። ከአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጥገና ቤት ጠጋኝ አስጠራሁ። ገና መሳቢያውን ሲስበው ሳሙናው እንደ ሊጥ ተጋግሮበት አየ።

«ማዘር፣ በአንዴ ስንት ነው የሚጨምሩት?»

«ሁለት ጣሳ።»

«ሁለት ማንኪያ ለማለት ነው?»

«ጣሳ አልኩህ እኮ!»

ሰውየው ጭንቅላቱን ያዘ። ከዚያ እንደ ተማሪ አስቀምጦ አስረዳኝ። ይህ ማሽን በጥቂት ውሃ የሚሠራ ነው፤ ልብሱን የሚያጸዳው ከፍ አድርጎ እየጣለ እርስ በርስ በማፋተግ ነው። አረፋ ከበዛ ልብሱ ትራስ ላይ እንደ ወደቀ ይሆናል፣ አይፋተግም። ያቺ ትንሽ ውሃ ደግሞ በእጅ ለሚታጠብ ልብስ የተሠራውን የኔን ሳሙና አለቅልቃ አትጨርሰውም። «አረፋ ከሌለ ምኑን አጠበው?» ብዬ ተከራከርኩት። ክርክሩን ትቶ «እስቲ የታጠበ ልብስ ያምጡልኝ» አለ።

ከገመዱ ላይ የሕፃኗን ጨርቆች አወረድኩለት፤ ትናንት የታጠቡ፣ ደርቀው የተንኳኩ። የተዘጋውን ከፍቶ፣ የተጋገረውን ጠርጎ ማሽኑን አስነሳና ያለ ምንም ሳሙና ከተታቸው። አጠገቡ ቆሜያለሁ። ውሃ ገባ፣ ጨርቁ ዞረ። መጀመሪያ በመስታወቱ ጠርዝ ነጭ ክር መሰለ። ከዚያ ወፈረ። ከዚያ ግማሹን ሸፈነው፤ ቆይቶ ጨርቁ ጭራሽ አልታይ አለኝ።

«ሳሙና ጨምረህበታል!» ብዬ ጮህኩበት።

ሁለት እጁን ዘርግቶ አሳየኝ። «ማዘር፣ ከጨርቁ ነው የሚወጣው።»

ክው አልኩ። ዱካው ላይ ዘጭ አልኩ። ያ ሁሉ ከጨርቁ ነው? አንገቷ ላይ ከጠቀለልኩት፣ ብሽሽቷ መሃል ካደረግኩት ጨርቅ? ሲያልባትና ስትሸና እየራሰ፣ ቀንና ሌት ሥጋዋ ላይ ሲሟሟ ነበር ማለት ነው? የገዛ እጄን አየሁ። ጣቶቼ ሳሙና ስሰፍር ስሰፍር ተሰነጣጥቀዋል፤ ማታ ማታ ቅባት ካልነካኋቸው ይደማሉ። ሳሙና የትልቅ ሰው እጅ ምን እንደሚያደርግ ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እያወቅኩ የሃያ ምናምን ቀን ሕፃን ጠቀለልኩበት! «ያ ረቢ!» ስል ልጄ ሕፃኗን ታቅፋ ጓሮ ድረስ ወጣች። ጠጋኙ የነገረኝን ነገርኳት። መስታወቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«እና እሳቸውስ፣ እማዬ?» አለች።

ጠጋኙ ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ ያንኑ ጨርቅ አምስት ጊዜ ያለ ሳሙና አዞረው። የቀረውን ጨርቅ ሁሉ በዚያው መንገድ ደጋግሜ አለቀለቅኩ። ልጄ ያን ቀን ለሕፃኗ የተለቀለቀውን ብቻ አለበሰቻት፤ እኔም እስኪመሽ አልጠበቅኩም፣ ሱቁን ሳልከፍት በእግሬ አብነት ሄድኩ።

ሴትዮዋ አስገቡኝ፣ አስቀመጡኝ። ስለ ማሽኑ፣ ስለ ጣሳው፣ ስለ አረፋው ምንም ሳልደብቅ ተናገርኩ። እንዲጮሁብኝ ፈልጌ ነበር፤ አልጮሁም።

«ማሻአላህ ብዬ ነበር፣ እህቴ። በልቤ ነው ያልኩት» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «አንድ ልጅ ወልጄ ያየሁት የልጅ ልጅ እሷን ነው። ስመለስ መንገዱን ሙሉ ራሴን ስመረምር ነበር፤ ምናልባት እውነት ዓይኔ ይሆን እያልኩ» አሉ።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሱኝና አብረውኝ መጡ።

ቤት ስንደርስ ልጄን አቅፈው ሳሟት። ከዚያ ለሕፃኗ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ተቀመጡ። የድካም መስሎኝ ሕፃኗን አንስቼ ጭናቸው ላይ አደረግኩላቸው። ተቀበሏት፣ ደረታቸው ላይ አስጠጉአት፣ ዓይናቸው ግን ከበሩ አልተነሳም።

«ይዩአት እንጂ» አልኳቸው።

«ትዳን» አሉ ቀስ ብለው። «ስትድን አያታለሁ። ዛሬ አይቻት ነገ ሌላ ነገር ቢወጣባት፣ ያኔ ማን ያምነኛል?»

ሕፃኗን ስንት ቀን አጥታው የነበረው እንቅልፍ እዚያው ጭናቸው ላይ ወሰዳት። እሳቸው በሩን እያዩ፣ በእጃቸው ጨርቁ ውስጥ እግሯን እየፈለጉ ተቀመጡ።