ሳንሱር ያላየችው ሞት

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ሳንሱር» ነው የሚላት። ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ተኳሽ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ካለችው ትንሽ ቴሌቪዥን ተነቅሎ አያውቅም። ኮቱን ሊወስድ ብቅ ያለ ደንበኛ ኮቱ ከመሰጠቱ በፊት የትናንቱ ድራማ ፍርድ ይነበብለታል። የምታመሰግነው ከስንት አንዴ ነው።

«ስድስት ወር አልጋ ላይ የተኛ ሰው የፒጃማው የካውያ መስመር እንዴት አይጠፋም? ዛሬ ጠዋት ተተኩሶለት ነው የታመመው! ውሸት!»

ሌላ ቀን ደግሞ፣ «ልጇ መሞቱን ስትሰማ ትሪውን ለቀቀችው። አንቺ መርዶ ሰምተሽ ዕቃ ጥለሽ ታውቂያለሽ? ሰው እኮ መጀመሪያ ዕቃውን ቀስ አድርጎ ያስቀምጣል» ትላለች።

ከኪሳቸው አውጥተው ፊልም የሚሠሩትን ወጣቶችም አትምርም። «ሰውዬው አራት ደቂቃ ሙሉ ግድግዳ ያያል። ግድግዳ ማየት ካማረኝ ቤቴ ሞልቶልኛል!» ግን የእነሱን እስከ መጨረሻው ታያለች። እዚያ ውስጥ የታመመ ሰው ሲያልበው ላቡ የእውነት ይመስላታል።

አንድ ነገሯ ግን ለሰው ሁሉ ግራ ነበር። ማስታወቂያ ሲገባ ካውያውን ጥላ ተንደርድራ ጣቢያ ትቀይራለች። «ምን በደሉሽ?» ብለው ይስቁባታል፤ አብራ ትስቃለች። ማስታወቂያው ሊጀምር ሲል፣ በዚያች ቅጽበታዊ ፀጥታ መሃል፣ ወንድሟ ከጓዳ እንደሚጠራት ለማን ትንገር? ወንድሟ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው።

በሞተበት ቀን እኩለ ቀን ላይ ቤቷ ሆና የአንድ ተከታታይ ድራማ የመጨረሻ ክፍል ታይ ነበር። ወንድሟ ታሞ ከግድግዳው ማዶ ተኝቷል። «እቴ» አለ። «መጣሁ» አለች። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «እቴ» አለ። «መጣሁ አልኩህ እኮ!» አለች፤ ዋናዋ ተዋናይት በሩን ልትከፍተው ነበር። ማስታወቂያ ሲገባ ተነሥታ ሄደች። ትንፋሹ የለም።

አንድያ ልጁ ከሩቅ ከተማ ደርሳ እያለቀሰች «ብቻውን ነበር?» ስትላት፣ ምላሷ እንኳ ሳይደናቀፍ «እጁን ይዤው ነበር» አለቻት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼው ነው።

ያቺው ልጅ ናት እንግዲህ አንድ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፕ አቅፋ መተኮሻ ቤቱ ድረስ የመጣችው። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በውሰት ካሜራ የአባቷን የመጨረሻ ሳምንት ፊልም አድርጋዋለች።

«ያየው ሁሉ ግሩም ነው ይለኛል፤ አላምናቸውም። አክስቴ፣ አንቺ ግን አትዋሺኝም። ውሸት ካለበት ለፊልም ውድድር አልልከውም።»

ሳንሱር ካውያውን ነቅላ ተቀመጠች። አንሶላው ተጨማዷል። የመድኃኒቱ ጠርሙስ ክዳኑ ጠፍቷል። ተዋናዩ የእውነት ከስቷል። የምትነቅፈው ስታጣ ፈራች። መጨረሻው ላይ በሽተኛው «እቴ» አለ። እህትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እጁን በሁለት እጇ ይዛ «አለሁ» አለችው።

«ውሸት!»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ልጅቱ እስክሪብቶ አወጣች። «የቱ ጋ?»

ፒጃማው ብትል ይበቃ ነበር። አስባውም ነበር።

«እጁን አልያዝኩትም» አለች።

«ምን?»

«ማዶ ክፍል ቲቪ እያየሁ ነበር። ሁለት ጊዜ ጠራኝ። መጣሁ እያልኩ ቀረሁ።»

ልጅቱ እስክሪብቶውን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ላፕቶፑን ዘግታ ወጣች፤ ደህና ዋይ እንኳ አላለቻትም።

ሁለት ወር የልጅቱ ድምፅ ጠፋ። ሳንሱር ስለ ድራማ መናገር ተወች፤ ደንበኞቿ «አሟት ይሆን?» ተባባሉ። የወንድሟን ልጅ ያጣቻት መሰላት፤ ሌላ ዘመድ ደግሞ የላትም። በሦስተኛው ወር ልጅቱ በሰው እጅ ፊልሙ የሚታይበትን አዳራሽ የመግቢያ ወረቀት ላከችላት። ሰላምታ የለው፣ ምን የለው።

አዳራሹ በግማሽ ነበር የሞላው። ሳንሱር የኋላው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። መጨረሻው ተቀይሯል። አልጋው አጠገብ ባዶ ወንበር አለ፤ ከማዶ የቴሌቪዥን ድምፅና «መጣሁ» የምትል ሴት ትሰማለች። ሦስት ዓመት ብቻዋን ስትሰማው የኖረችውን ጥሪ ያን ቀን ከሰው ጋር ሰማችው። ግን አልወጣችም።

መብራት በርቶ ልጅቱ መድረክ ላይ ስትቆም አንድ መነጽር ያደረገ ሰው ለአስተያየት ተነሣ።

«ፊልሙ ጥሩ ነበር፤ መጨረሻው ግን አልተዋጠልኝም። ወንድሟ እየሞተ ድራማ የምታይ እህት በየትኛው ቤት ነው ያለችው? እኛን ለማስለቀስ የተፈጠረ ነው።»

አንዳንዱ አጨበጨበ። ልጅቱ ማይኩን በሁለት እጇ ያዘች። ወደ ኋላው ረድፍ ላለማየት መሬት መሬቱን ታያለች።

ሳንሱር የፊቷን ወንበር ይዛ ተነሣች።

«በእኔ ቤት» አለች።