ከደጄ እስከ እህቴ አልጋ

እህቴ ከጎንደር ደውላ «ቶሎ ድረሽልኝ» አለችኝ። ሐኪሞቹ ወደ ቤቷ መልሰዋት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቅ ነገር የለም። እኔ ወደ እስራኤል፣ ወደ ቤር ሼቫ ስመጣ እሷ የጉዞ ተራዋን ስትጠብቅ እዚያው ቀርታለች። ከዚያ ወዲህ የተያየነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ትኬት የምትቆርጥልኝ እዚሁ አቅራቢያ ለሃቪም የምትኖረው ልጄ ናት፤ እናቴ የምትለኝ በዕብራይስጥ ነው።

«ኢማ፣ የአራት ሰዓት በረራ እኮ ነው። በመኪና ኤላት ደርሶ መመለስ ይበልጣል» አለችኝ።

እኔ ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁና ወረቀት አውጥቼ ደመርኩ። በልጄ መኪና እስከ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ሰዓት፣ እዚያ ፍተሻና ጥበቃ ሦስት፣ በረራው አራት፣ አዲስ አበባ የጎንደሩን መጠበቅ አምስት፣ ወደ ጎንደር አንድ፣ ከአዘዞ እስከ ቤቷ አንድ። ለእህቴ ደውዬ ነገርኳት።

«አሥራ አምስት ሰዓት ነው።»

«እሱንማ እችላለሁ» አለች። «አንቺ ድሮም ስትቆጥሪ ነው የምትውይ።»

በማግሥቱ ጠዋት ልጄ በሥራ ቀን ብቅ አለች። «ኢማ፣ ቦታ የለም። ሦስት ቀን መጠበቅ አለብን» አለችና ሻንጣዬን አይታ ፊቷን አዞረች። እሷ ስትወጣ ጎንደር ደወልኩ፤ ያነሳው የእህቴ ልጅ ነው።

«እማዬ ተኝታለች፣ አክስቴ። እርስዎ ቀስ ብለው ይምጡ።»

ትናንት ስልኩን ከእሷ ተቀብሎ «ይፍጠኑ» ያለኝ እሱው ነበር።

ታሃና መርካዚት፣ ዋናው አውቶቡስ ጣቢያ አጠገብ ትኬት የምትሸጥ የአገራችን ልጅ አለች። ሄድኩ።

«ወዴት ነው እማማ?»

«ጎንደር።»

«ምን ረስተው መጡ?»

«እህቴን።»

ሳቋን ዋጠችና ኮምፒውተሩን አየች። «ለዛሬም አለ፣ ለነገም አለ። በመስኮት በኩል ላድርግልዎ?»

«ልጄን ልጠይቅ» ብዬ ወጣሁ።

አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት አውቶቡስ አለፈኝ። ልጄ ውሸት አታውቅም፤ ይህን አደባበቅ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የጎረቤቴ ወንድም የሞተ ጊዜ፣ ልጄ እያየች የሴትዮዋን ስልክ ወስጄ «ተበላሽቷል» ብዬ አንድ ቀን ሙሉ የደበቅኩባት እኔ ነበርኩ። መርዶ ሰው ብቻውን እያለ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ይነገራል። ጎንደር ደግሞ ቀብር አይዘገይም። አሁን ብነሳም እንኳ አሥራ አምስት ሰዓቴ አይደርስም።

ቤት ስገባ ልጄ ተመልሳ ጠበቀችኝ።

«የት ነበርሽ?»

«ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ።»

ባዶ እጄን አየች። እዚሁ እንደምታድር ነገረችኝ። ነገ ሥራ የለሽም ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም። ፍራሽ አነጠፍኩላት።

ጎሕ ሳይቀድ ተነሳሁ። ሻንጣውን ከመተላለፊያው አንስቼ ከአልጋ ሥር ከተትኩ። ያሉኝን ወንበሮች ሁሉ ግድግዳውን አስጠግቼ ደረደርኩ፤ ነጠላዬንም ለበስኩ። ብዙም ሳይቆይ ደረጃው ላይ የብዙ ሰው ኮቴ ተሰማ፤ ሽማግሌዎች ስለሆኑ በየፎቁ ያርፋሉ። ሳያንኳኩ ከፈትኩላቸው። ልጄ ከኋላዬ ቆማ ወንበሮቹን ታያለች።

«ኢማ፣ ታውቂ ነበር?»

«ዝም በይ፣ ደክሟቸዋል» አልኳት። ወደ እነሱ ዞርኩና «ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ። «ከዚያ ንገሩኝ።»