ዘርይሁን ያልመረመረው ባትሪ

ዘርይሁን ጎንደር ሳለ የፊዚክስ መምህር ነበር። በፖለቲካ ሰበብ ወደ ሱዳን ከተሻገረ ወዲህ ግን ካርቱም ባሕሪ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። ደንበኞቹ "ኡስታዝ"፣ መምህር፣ ይሉታል፤ ስሙን ስለሚወደው ይሁን እንጃ፣ "አላውቅም" ማለት አይሆንለትም።

የወሎው ዳውድ በካላክላ መስመር አሮጌ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። ሚኒባሷ ቆማ ባደረች ቁጥር ባትሪው ሞቶ ይጠብቀዋል። ዘርይሁን ኮፈኑን ከፍቶ አየት አደረገና፣ "አርጅቷል፤ ቀይረው" አለው። ዳውድ ቀየረ። አዲሱም ሞተ። "እንግዲያው አሮጌ ነው የሸጡልህ" አለው፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ ከመሳቢያ እንኳ ሳያወጣ።

በሱዳኑ አብዮት ወራት አንድ ቀን መንገዱ በጎማ ቃጠሎ ተዘጋና ሚኒባሷ ባሕሪ ቆማ አደረች። በማግሥቱ ቀትር ላይ ዳውድ ሊወስዳት ሲመጣ፣ በአቅራቢያው የነበረ የተቃውሞ ሰልፍ ተበተነ። በአስለቃሽ ጭስ የታፈኑ ሴቶች ሚኒባሷ ውስጥ ዘለው ገቡ። "ያላ! ያላ! ቶሎ ንዳው!" አሉት። ቁልፉን ቢያዞር ቀጭ ብቻ። ሴቶቹ ወርደው ሮጡ፤ እሱ እንጀራውን ጥሎ መሮጥ አቅቶት ቀረ። ዱላ የያዙ የጸጥታ ሰዎች ደርሰው ቀኝ እጁን ሰበሩት።

ሚኒባሷ ተጎትታ ዘርይሁን ዘንድ መጣች። ያኔ ገና ቴስተሩን አወጣ። ባትሪውን ቻርጅ አደረገ፣ የኔጋቲቩን ሽቦ ፈትቶ ቴስተሩን በሽቦውና በባትሪው መሃል አስገባ። ሞተሩ ጠፍቷል፣ መብራቱም ጠፍቷል፤ ቁጥሩ ግን አልወርድ አለ። አንድ ነገር ባትሪውን ይጠጣል። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀለ። የቴፑ ድምፅ ማጉሊያ ፊውዝ ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ዱብ አለ።

ማጉሊያውን አምና የገጠመው ራሱ ነበር። ሞተሩ ሲጠፋ አብሮ እንዲጠፋ ማድረግ ሲገባው፣ ቶሎ ልጨርስ ብሎ በቀጥታ ከባትሪው ጋር አያይዞታል። ተማሪው ቢሆን ይህን ሠርቶ የመጣ፣ ክፍሉ ፊት ያሳፍረው ነበር። ዘይት በጠጣው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

በዚያው ቀን ካላክላ፣ ዳውድ ቤት ሄደ። የዳውድ ባለቤት ሬሕማ በር ከፈተችለት።

"ዳውዴ፣ ጥፋቱ የባትሪው አልነበረም" አለ ዘርይሁን። "የኔ ነው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ሁለቴ ስትመጣም አላየሁልህም።"

ዳውድ በጀሶ የታሰረ እጁን አየና፣ "መዐሌሽ፣ ግድ የለም፣ ኡስታዝ። እጄን የሰበሩት እርስዎ አይደሉም" አለው።

ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ከማግሥቱ ጀምሮ ጋራዡን እስከ ቀትር እየዘጋ ሚኒባሷን በዳውድ ፋንታ መንዳት ያዘ።

ሁለት ወር አለፈ። ጀሶው ሲፈታ ሁለቱ ጣቶች አልታጠፍ አሉ። ያን ዕለት ዘርይሁን የመኪናውን ቁልፍ ሲመልስ ሬሕማ እስከ ደጅ ሸኘችው።

"ጋሽ ዘርይሁን" አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ዳውድ ይቅር ብሎዎታል። እኔ ገና ነኝ።"

"አውቃለሁ፣ እህቴ።"

በማግሥቱም ማለዳ ሊነዳለት መጣ፤ ዳውድን ማርሽ ማስገባት ገና ይቸግረው ነበርና።