ከፍርስራሹ ያመጣኋቸው ሦስት ጉልቻዎች

ሐረር የሚመጡ ፈረንጆች በሮቹን ያያሉ፤ ግንቡን በእግራቸው ይዞራሉ፤ ትልቁን መስጊድ ከደጅ አይተው ይሄዳሉ። ከቤቴ ጀርባ ያለውን ፍርስራሽ የሚጠይቅ ግን የለም። ከግንቡ ሥር፣ ከሾላው አጠገብ፣ ጣራው ወድቆ ግማሽ ግድግዳ የቀረው ነው። እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ የቀረሁ ሴት ነኝ። ከዚህ ከተማ አሮጌ ነገር የማውቀው እሱን ብቻ ነው፤ የማውቀውም በጥፋቴ ነው።

ጀጎል ውስጥ ቤት ተከራይተን በገባን ሰሞን ባለቤቴ ከአለቃው ጋር ወደ ኦጋዴን ወረደ። እኔና የሰባት ዓመት ልጄ ቀረን። ከእሷ በፊት ሁለት ልጆች ቀብሬያለሁ። ቤቱ ምድጃ አልነበረውምና ለጉልቻ የሚሆን ስፈልግ፣ ከፍርስራሹ ልካቸው አንድ የሆነ ሦስት ድንጋዮች መርጬ አመጣሁ። በአንድ ጎናቸው ኖራ ተቀብተዋል። እዚህ አገር ግድግዳውም ደጁም ኖራ ነው፤ ምን ብዬ ልጠርጥር። ኖራውን በቢላዋ ፍቄ እሳት አነደድኩባቸው።

ወር ሳይሞላ ልጄን ትኩሳት ጣላት። በአምስተኛው ቀን ከሶፊ ገጠር እንጨት ልትሸጥ ይዛ የመጣች ሴት ጉልቻዎቹን ትኩር ብላ አየችና ከየት እንዳመጣኋቸው ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ፍርስራሹ እስላሞች የሚያከብሯት የሴት ወሊይ መቃብር መሆኑን፣ ኖራውንም እንዲታወቅ በየዓመቱ ጎረቤቴ እንደሚቀቡት ነግራኝ፣ እንጨቷን መልሳ ተሸክማ ወጣች።

የነፍስ አባቴን አስጠራሁ። ጠበል ረጩና ድንጋይ ድንጋይ ነው፣ አትፍሪ አሉኝ። እሳቸው ሄዱ፤ ድንጋዮቹ እዚያው አሉ። እንባ አልመጣልኝም። እጄም እግሬም የሌላ ሰው የሆኑ መሰለኝ። በዚያው እግር ወደ ጎረቤቴ ሄድኩ። መቃብሩን ኖራ የሚቀቡት እሳቸው ናቸው፤ በራቸው ላይ ተቀምጠው ስፌት የሚሰፉ የከተማው ተወላጅ ባልቴት ናቸው። ከሰላምታ በቀር ተነጋግረን አናውቅም። መንደሩን ይጠሩብኛል ብዬ ነበር።

«እማማ፣ ከወሊይቱ ድንጋይ ወስጃለሁ። ልጄን ልትወስድብኝ ነው» አልኳቸው።

ከስፌታቸው ቀና አላሉም። «ሦስት ነው። ስትወስጂ እዚሁ ተቀምጬ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«ልጅ ይዘሻል፣ እሳት ያስፈልግሻል ብዬ ነዋ። እሷም እናት ናት፤ ለድንጋይ ብላ ልጅ አትገድልም። ይልቅ የሁዳዴ ሽሮሽን ስታሸት ከርማ ሳይሰለቻት አይቀርም።»

መሳቅ እንደነበረብኝ ገብቶኛል፤ ፊቴ እንቢ አለ። እመልሳለሁ አልኳቸው። እስኪበርዱ ቆዪ አሉኝ፤ አልቆየሁም። ውኃ ደፍቼባቸው፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ አንድ በአንድ ተሸከምኳቸው። ከየትኛው ቦታ እንዳነሳኋቸው ጠፍቶብኝ ቆሜ ሳለሁ ባልቴቷ በከዘራቸው አሳዩኝ። ከነጮቹ መሐል ሦስት ጥቁር ሆነው ተቀመጡ። መዳፌ መላጡን ያወቅሁት በማግስቱ ነው።

ሁለት ቀን ልጄ ዓይኗን አልገለጠችም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት «እራበኝ» አለች። ደስታው ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። አጥሚት ልሠራላት ተነሣሁና አመዱ ላይ ሦስት ጎድጓዳ ቦታ ብቻ አየሁ። የምጥድበት የለኝም። ድስቱን ይዤ ቆምኩ።

ባልቴቷ በሩን በክርናቸው ገፍተው ትኩስ ገንፎ ይዘው ገቡ። «ጉልቻ አልባ መሆንሽን እኔም አውቃለሁ» ብለው ልጄን ራሳቸው አጎረሷት።

ኖራ የሚቀባበት ጊዜ ሲደርስ ጠሩኝና ሦስቱን ለእኔ ተዉልኝ። ቀባኋቸው። ጥላሸቱ እያደር ከኖራው ሥር ብቅ ይላል፤ በየዓመቱ እደግመዋለሁ። ልጄ ዛሬ ባለትዳር ናት። አሁንም ጉንፋን ያዛት ሲሉኝ መጀመሪያ የምሄደው ወደ እሷ ቤት አይደለም። ከግንቡ ሥር ወርጄ ሦስቱም ቦታቸው መኖራቸውን አያለሁ።